«ሰው አለሽ?» — ለቦሌ አራብሳ ጎረቤቶቼ የምስጋና መልእክት

የተከበራችሁ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣

ሥራ ጀምሬያለሁ። አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። እማዬ የቅጥር ደብዳቤውን ያየች ቀን እልልታዋ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ጋራ መገልገያ ቤታችን፣ እስከ ኮሚናሉ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «እንኳን ደስ አለሽ» ትሉኛላችሁ። እኔም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብዬ ወደ ታክሲ ሰልፍ እሮጣለሁ። ይሄ አልበቃኝም። ቁጭ ብዬ የማን የማን ውለታ እንዳለብኝ መናገር ፈለግኩ። ስማችን አይነሳ ያላችሁኝ ስላላችሁ የማንንም ስም አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ፣ ወረዳ ላይ ነው። ሥራ ፈላጊ እመዘግባለሁ። ምን እንደተማረ፣ ምን መሥራት እንደሚችል እጠይቃለሁ። ሥልጠና የሚያስፈልገውን ወደ ሥልጠና፣ ለቅጥር የደረሰውን ወደ ቀጣሪ፣ ተደራጅቶ መሥራት የሚፈልገውን ደግሞ ወደ ኢንተርፕራይዝ ክፍሉ እልካለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ካለ ጠረጴዛ ማዶ ቆሜ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ጠረጴዛው በእኔ በኩል ነው። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እጄ ተንቀጠቀጠ።

በ2011 ዓ.ም. በሶሲዮሎጂ ተመረቅኩ። ትንሽ ጊዜ በኮንትራት ሠራሁ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከአራብሳ አያት፣ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ የረቡዕና የእሁድ ሪፖርተርን ማስታወቂያ ስገለብጥ ከርሜአለሁ። ቴሌግራም ላይ የወጣ ክፍት የሥራ መደብ አያመልጠኝም ነበር። የሥራ ልምድ «ዜሮ ዓመት» የሚል ሳገኝ ልቤ ይመታል። የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

አንዱን ቀን ግን አልረሳውም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ማመልከቻ የሚቀበለው ሰው ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላበጠ። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የኮስት ሼሪንግ ደብዳቤ፣ የልምድ ማስረጃ። ሁሉም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው አለሽ?» አለኝ። በክፋት አልመሰለኝም። ልክ እንደ አንድ የጎደለ ማስረጃ ነው የጠየቀኝ። «የለኝም» አልኩት። ወረቀቴን ከሌሎቹ ክምር ነጥሎ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። በሳምንቱ ስሄድ ደግሞ የአያትሽ ስም መታወቂያው ላይና ዲግሪው ላይ አይገጥምም ተብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ከአያት እስከ አራብሳ በእግሬ መጣሁ። ለታክሲ አጥቼ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ሰው እያየኝ ማልቀስ አልፈለግኩም።

እንግዲህ ምስጋናዬን ከእርስዎ ልጀምር፣ በወረዳው መስኮት ሁለት ዓመት ሙሉ ላገለገሉኝ እህቴ። እርስዎ ዛሬ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ይሄ መልእክት እንዲደርስዎት ሰው ልኬበታለሁ። የሥራ ፈላጊ ካርዴን ለማሳደስ በመጣሁ ቁጥር በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። ሰልፉ ረዥም ነው፣ እርስዎ አንድ ነዎት፣ ሲስተሙም ይቆማል። ሲስተም ሲቆም ስልካችንን በእጅዎ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። የሆነ ቀን እዚያ ሰልፍ ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ፎርም ይዘው ግራ ሲጋቡ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሞላሁላቸው። ቀጥሎ ያለችው ልጅም ጠየቀችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። ሰልፉን በፎርም ሙላት ነበር የምገፋው። እርስዎ ከመስኮቱ ጀርባ አይተውኝ ኖሯል። አንድ ቀን ጠሩኝና ሰሌዳው ላይ አዲስ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። «ይሄን ሥራ እኮ እየሠራሽው ነው። ለኛ መደብ ለምን አታመለክቺም?» አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ምን ጎደለሽ ሳይሆን ምን ትችያለሽ ብሎ ያየኝ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ እርስዎ ነዎት። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎን ነው።

ወንድሜ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ፣ አንተ ደግሞ ባትኖር ማመልከቻው አይገባም ነበር። የምዝገባው መጨረሻ ዋዜማ መብራት ጠፋ። እኔ በስልኬ መብራት ወረቀት እየለየሁ በርህ ላይ ቆሜያለሁ። ሱቅህን ዘግተህ መሄድ ትችል ነበር። ቆየህ። መብራቱ እስኪመጣ ዲግሪዬንና መታወቂያዬን ጎን ለጎን ይዘህ ታነባለህ። «የአያትሽ ስም ላይ ‹ገብረ› እዚህ ተለይቶ ተጽፏል፣ እዚህ ተጋጥሟል፤ በዚህ አንዴ መልሰውሻል አይደል?» አልከኝ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከየት እንደሚወጣ፣ በስንት ሰዓት ብሄድ ሰልፍ እንደማይበዛ፣ ምን ይዤ መሄድ እንዳለብኝ ነገርከኝ። በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ስመጣ ኮፒው ሁሉ በቅደም ተከተል ተደርድሮ ጠበቀኝ። ሒሳብ ስጠይቅህ «ስትቀጠሪ» አልክ። ተቀጥሬያለሁ። ደመወዝ እንደወጣ እመጣለሁ።

የሦስተኛ ፎቅ እህቴ፣ ያንቺን ታሪክ ለፈታኞች እንደተናገርኩ ነግሬሻለሁ። እዚህም እንድጽፈው ስለፈቀድሽልኝ አመሰግናለሁ። የቃል ፈተናው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ «ከፋብሪካ የተቀነሰች ሴት ብትመጣ መጀመሪያ ምን ትያታለሽ?» አሉኝ። ያነበብኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አንቺ ግን ታየሽኝ። ቦሌ ለሚ ፓርክ ኦቨርሎክ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጠሽ ስትሰፊ፣ ማታ ጣቶችሽን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረሽ ስትጫወቺ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 2014 ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት ከነበረው ከአጎዋ ከታገደች በኋላ ትእዛዝ ቀነሰ ተብሎ ስትሰናበቺ። ከዚያ ሥራ ፈላጊ ሆነሽ ስትመዘገቢ «ሙያ» የሚለው ቦታ ላይ «የላትም» ተብሎ የተጻፈብሽን። ሰርተፍኬት ስለሌለሽ ብቻ። ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ «ምን ሥራ ትፈልጊያለሽ ከማለቴ በፊት፣ ስትሠሪ የነበረውን አሳዪኝ እላታለሁ። ማሽኑን ታውቀዋለች። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ እንድትመዘን አደርጋለሁ። ሙያ የላትም ብዬ አልጽፍም።» ሴትዮዋ ብዕራቸውን አንስተው የሆነ ነገር ጻፉ። ያ መልስ ያንቺ ነው።

እማማ፣ ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምጽፍ ብዙ አሰብኩ። የጽሑፍ ፈተናው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ስወጣ ደረጃው ሥር ባትሪ ይዘው ቆመው ነበር። ሌሊቱን ውኃ በፈረቃ መጥቶ ሲቀዱ አድረዋል፤ ቀሚስዎ ጫፉ እርጥብ ነበር። ምንም አላሉኝም። የነጠላዎን ጫፍ ቋጠሮ በጥርስዎ ፈትተው የታጠፈ ብር አወጡና መዳፌ ውስጥ አድርገው ጣቶቼን ዘጉብኝ። «እግዜር ይቅደምልሽ» አሉኝ። ከዚያ እስከ ታክሲው ድረስ በባትሪዎ እያበሩልኝ አብረውኝ ሄዱ። ያ ብር የእቁብዎ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ሥራ አገኘሽ?» ብለውኝ አያውቁም። ይሄንን የሚረዳው ሥራ ፈትቶ የኖረ ሰው ብቻ ይመስለኛል። የሚወዱኝ ሁሉ በደግነት ይጠይቁኝ ነበር። እርስዎ «ቡና ደርሷል» ነበር የሚሉኝ።

አሁን በጣም የሚከብደኝን ልጻፍ። ጓደኛዬ፣ አንቺን።

አብረን አመለከትን። ሁለታችንም ለጽሑፍ ፈተና ተጠራን። ሦስት ሳምንት ደረጃ ላይ ተቀምጠን አነበብን፤ ቤት ውስጥ ልጆች ይረብሹናል ብለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም፣ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። የግሉን ዘርፍ ሕግ ለምን እናነባለን ስልሽ «ወደዚያ አይደል ሰው የምንልከው?» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፤ ፈተናው ላይ መጣ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። 16ቷን እየረሳሁ ስቸገር «የታናሽ እህቴን ዕድሜ አስቢ» አልሽኝ። ፈተናው ላይ ስትመጣ የእህትሽ ፊት ነው የታየኝ። የሠራተኛ ጉዳይ፣ የሥራ ዕድል ፈጠራና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በ2014 ዓ.ም. ለምን በአንድ ሚኒስቴር ሥር እንደገቡ ያስረዳሽኝም አንቺ ነሽ። «ሥልጠናና ሥራ ከተለያዩ ሰው መሐል ላይ ይወድቃል» ብለሽ።

ውጤቱ ሲለጠፍ እኔ ተጠባባቂ ነበርኩ። ያንቺ ስም አልነበረም። ወረቀቱ ፊት ቆመን አንቺ ነሽ ያቀፍሽኝ። ወራት ቆይቶ አንዱ ያለፈ ሰው ሳይቀርብ ቀርቶ ስልክ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የነገርኩት ላንቺ ነው። ድምፅሽ ውስጥ ቅንጣት ቅሬታ ፈለግኩ። አጣሁ። የለበስኩትን ኮት ሰጥተሽኝ ነው ሥራ የጀመርኩት። እኔ አንቺን ብሆን እንደዚያ እሆን ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን አላውቅም። ስለዚህ ነው የማመሰግንሽ ብቻ ሳይሆን የማከብርሽ።

እማዬና አባዬን ደግሞ ቤት ውስጥ ነግሬያቸዋለሁ። የቤታችን ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሥራ መጀመሬ ከተሰማ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ «እንግዲህ ወረዳ ሰው አገኘን» ብላችሁኛል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ቃል ስሰማ ያ ሰውዬ ወረቀቴን ጠርዝ ላይ ያስቀመጠበት ቀን ይመጣብኛል። የማንንም ስም ከማንም አላስቀድምም። ለጓደኛዬም አላደርገውም። እሷ ራሷ «ብታደርጊው እቀየምሻለሁ» ብላኛለች። ለዚያ ሰውዬ ዛሬ ብመልስለት «ሰው አለኝ» እለው ነበር። ወረቀቴን በጨለማ ያነበበልኝ አለ። ባትሪ ያበሩልኝ አሉ። ኮቷን አውልቃ የሰጠችኝ አለች። ስልክ ደውሎ ያስቀጠረኝ ግን የለም፤ ፈተናው ወረቀት ላይ ስም ሳይሆን ኮድ ነበር የነበረው።

የምችለውን ግን በሙሉ ልብ አደርጋለሁ። የሙከራ ጊዜ ላይ ስለሆንኩ ከሥራ ሰዓት መቅረት አልችልም። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ግን ኮሚናሉ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ እገኛለሁ። የብሎክ ኮሚቴው ፈቅዶልኛል፤ እነሱንም አመሰግናለሁ። ልትመዘገቡ የምትፈልጉ፣ የወጣ ማስታወቂያ አይታችሁ ግራ የገባችሁ፣ ልጃችሁ ትምህርት ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ኑ። ሥራ ለማስያዝ ደላላ ገንዘብ የጠየቃችሁም ከመክፈላችሁ በፊት ኑ። መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ፣ ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። ከመምጣታችሁ በፊት ስማችሁ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል እዩት። ካልገጠመ ኮፒ ቤቱን ልጅ ጠይቁት፣ የት እንደምትሄዱ ያውቃል።

እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ።

አክባሪያችሁ፣ የአራተኛ ፎቋ ልጃችሁ
ቦሌ አራብሳ