ስለ አባባ የደም ውጤት

ውድ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። አባባና እማማ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የላቦራቶሪ ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። «ነጭ ደሙ ይህን ያህል ከበዛ በሽታውን እየተዋጋለት ነው ማለት አይደል?» ብለሽኛል። አይደለም።

የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሕዋስ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው፤ የአባባ 187,000 ሆኗል። ኢንፌክሽን ሲገባ ነጭ ደም ይጨምራል፣ ሲለቅ ይመለሳል። በአባባ ዓይነት የደም ካንሰር፣ ሥር በሰደደው ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ በራሱ መመለሻ የለውም። መቅኔ ውስጥ ባለ አንድ ሕዋስ ላይ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ይፈጠራል፤ እሱም ሕዋሱን ያለማቋረጥ ተባዛ እያለ ያዘዋል። በዚህ አጥሮ የሚቀረው 22ኛው ክሮሞዞም እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ስለተገኘ በከተማዋ ስም ይጠራል። ያልበሰሉት ሕዋሳት ሳይቀሩ ወደ ደም ይወጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ «ማይሎሳይት» የተባሉት እነሱ ናቸው። ከተወለደ በኋላ የመጣ ለውጥ ስለሆነ እኛ ልጆቹ አንወርሰውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለብቻ ያደረጋችሁትን ሲኒውን መልሱለት፣ እባክሽ።

ሁለት ጉርሻ ቀምሶ «ጠገብሁ» የሚለው ያበጠው ጣፊያ ጨጓራውን ስለሚጫነው ነው። ግራ ጎኑን ወጌሻ እንዳያሸው! ያበጠ ጣፊያ ከተቀደደ ወደ ውስጥ ይደማል።

ሰዎች የሚነግሩሽ ሌላው ዓይነት፣ ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ የሚባለው፣ መንገዱ ለየቅል ነው። እዚያ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጊዜያቸው ደርሶም አይሞቱም፤ ለአንዳንዱ ሰው ዓመታት ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ያልፋሉ። ለአባባ ይህ አይሆንም።

የታዘዘለት ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው፤ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሸዋል። ረመዳን ሲገባ ከኢፍጣር ጋር ስለመውሰዱም ሆነ ስለ ጾሙ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ ሁለት አይዋጥ። ዓይኑ ሥር ቢያብጥ፣ ባቱን ቢጨመድደው ለሐኪም ይነገር እንጂ በራሱ አያቋርጥ። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን መጠን ደም ውስጥ በጣም ያወርደዋል፤ ሌላ መድኃኒት በታዘዘለት ቁጥር ይህን ክኒን አሳዩ።

አሁን የምፈራውን ልንገርሽ። ቆጠራው በሳምንታት ውስጥ ወደ ልኩ ሊመለስ ይችላል፤ አባባም «ድኛለሁ» ይላል። ክኒኑ ትእዛዙን አፈነው እንጂ መቅኔ ውስጥ ያሉትን አልጨረሳቸውም። ካቋረጠ ይመለሳሉ፤ በኋላም በሽታው ወደ አጣዳፊ ሉኪሚያ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ከሲቢሲ (ከደም ሕዋሳት ቆጠራው) ሌላ በየ3 ወሩ የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራ ያስፈልገዋል፦ ውጤቱ በ3ኛው ወር 10 በመቶና ከዚያ በታች፣ በዓመቱ 0.1 በመቶና ከዚያ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ቀኑን ከአሁኑ ያዙ።

ክኒኑ 10 ቀን ሲቀረው ሌላ ይምጣ፤ መኪና ጠፍቶ የሃረጎን ዳገት መውጣት ያቃታችሁ ቀን እንዳይቋረጥበት። ቀጣዩን ወረቀት ስትልኪልኝ ነጭ ደሙን ብቻ ሳይሆን ሄሞግሎቢኑንና ፕላትሌቱንም እንዳየው ሙሉውን አንሺው።

አብሽሪ።

ወንድምሽ፣ ከጅዳ