ከካዱ በፊት አለማያ ነበር

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ገጠር ልማት ታሪክ ያስነበባችሁን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ነገሩን በ1960 አካባቢ ከተቋቋመው ከአርሲው ካዱ (የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት) ማስጀመሩ ግን እኛን የምሥራቁን ሰዎች ቅር ያሰኛል። መንግሥት ገበሬውን በዕውቀት ልርዳ ብሎ የተነሣው ከዚያ በፊት ነው፤ ያውም ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጣ ብሎ፣ አለማያ (የዛሬዋ ሐረማያ)።

በ1944 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመ ስምምነት የኦክላሆማ መምህራን መጡ። የእርሻ ኮሌጁ ትምህርት ጅማ ተጀመረና በ1949 ወደ አለማያ ተዛወረ። ኮሌጁ ሦስት ሥራ ነበረው፦ ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን (ዕውቀቱን ለገበሬው ማድረስ)። ዘሩን የሚመረምረውም፣ ተማሪውን የሚያስተምረውም፣ ማሳ ድረስ የሚወርደውን ሠራተኛ የሚልከውም አንድ ቤት ነበር። ማሽላን አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም እንዳያጠፋው በሠሩት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የጅማና የአለማያ ፍሬ ናቸው። ሐረርጌ ውስጥ አቀንጭራ ምን እንደሚያደርግ ማሽላ ዘርቶ ያየ ያውቀዋል።

በ1955 ኤክስቴንሽኑ ለእርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። አገር አቀፍ ሥራ አገር አቀፍ መዋቅር ስለሚፈልግ ምክንያት አልነበረውም አልልም። ነገር ግን የገበሬው ጥያቄ ወደ ተመራማሪው የሚመለስበት መንገድ የረዘመው ያኔ ይመስለኛል። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ድንች የምታወርድ የሐረማያ ሴት ስለ ልማት ሠራተኛዋ ስጠይቃት፣ «ለማዳበሪያ ምዝገባ ትመጣለች፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ግን የት ትገኛለች?» አለችኝ። ኮሌጁ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) እኮ ከእርሻዋ ሩቅ አይደለም።

ያ ዘመን ወርቅ ነበር ማለቴ እንዳይመስልብኝ። ምርጥ ዘር የሰው መሬት ለሚያርስ ጢሰኛ ምን ይፈይዳል? ምርቱ ሲጨምር የባለመሬቱም ድርሻ አብሮ ያድጋል። እናንተ ባሞገሳችሁት ካዱ አካባቢ እንኳ ትራክተር ሲገባ ጢሰኛውን አስነሥተው ራሳቸው ያረሱ ባለመሬቶች ነበሩ። ጽሑፋችሁ ይህን አለማንሣቱ አለማያን ከመዝለሉ የባሰ ጉድለት ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ከሰማይ ዱብ ያለ አስመስሎታል።

ቀጣዩን ክፍል ከማውጣታችሁ በፊት ሪፖርተራችሁን ወደዚህ ላኩልን። ያኔ በኤክስቴንሽን ሠራተኛነት ገጠር ለገጠር የዞሩ አዛውንቶች ሐረርም ድሬዳዋም አይጠፉም።

ጡረተኛ መምህር
ከዚራ፣ ድሬዳዋ