ወደ ስለላው ሙዚየም ከመሄድህ በፊት

ወዳጄ ታደሰ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታውን በአካል ስንገናኝ እጠይቅሃለሁ። ልጆቹን ይዘህ ዋሽንግተን ወዳለው ዓለም አቀፍ የስለላ ሙዚየም ልትሄድ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ብዙ ሰው እዚያ ገብቶ የከንፈር ቀለም የሚመስለውን የኬጂቢ፣ የሶቪየቶቹ የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ሽጉጥ አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። አንተ ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚከሽፍ አውቀህ እንድትገባ እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ሙዚየሙ በ2002 ኤፍ ስትሪት ላይ ተከፍቶ በ2019 ወደ ለንፋንት ፕላዛ ስለተዛወረ፣ የድሮውን ቦታ የሚጠቁምህ ሰው እንዳያሳስትህ። ሜትሮው በዚያው ስም ባለው ጣቢያ ያወርድሃል። ስሚዝሶኒያን እንደሚባሉት የከተማዋ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ አይገባም፤ ትኬቱን አስቀድመህ በኢንተርኔት ግዛ። ጉብኝቱ ከ5ኛ ፎቅ ጀምሮ ወደ 4ኛ ይወርዳል። ልጆች መጀመሪያ ያገኙት ላይ ጊዜያቸውን ይጨርሳሉና ለምስጢር ጽሑፉ ክፍል ጉልበት አስቀርላቸው።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ተረከዙ ውስጥ ማሰራጫ የተደበቀበትን ጫማ ፈልግ። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሩማንያ የተመደቡ የምዕራብ ዲፕሎማቶች ጫማና ልብሳቸውን ከውጭ አገር በፖስታ ያስመጡ ነበር። የአገሩ የስለላ መሥሪያ ቤት ጥቅሉን ፖስታ ቤት ላይ ያስቀርና ተረከዙን ቦርቡሮ ማይክሮፎን፣ ማሰራጫና ባትሪ ይከትበታል። ሰውየው የገዛ እግሩ ላይ ጆሮ አስሮ ይዞራል ማለት ነው። ድክመቱ ባትሪው ላይ ነው። ባትሪ ያልቃል፤ ለመቀየር ደግሞ ጫማውን እንደገና እጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ማሰራጫው በሠራ ቁጥርም የሚለቀው ሞገድ በፈታሾች መሣሪያ ሊያዝ ይችላል።

ይህን ችግር ከሁሉ በላይ አጥርቶ የፈታው ሶቪየታዊው ፈልሳፊ ሊዮን ቴርሚን ነው። በኦገስት 1945 የሶቪየት ልጆች ሞስኮ ለነበረው የአሜሪካ አምባሳደር ለአቬረል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም አበረከቱ። እንጨቱ ውስጥ ስስ ብረት የተወጠረበት ውስጡ ባዶ የሆነ ትንሽ የብረት ዕቃና አንድ አንቴና ነበሩ። ባትሪም ሆነ ሽቦ አልነበረውም። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት፣ በክፍሉ የሚነገረው ቃል ስሱን ብረት ያርገበግበዋል፤ ተመልሶ የሚወጣው ሞገድም ያንን እርግብግብታ ተሸክሞ ይሄዳል። ሞገዱ በማይላክበት ሰዓት ግን ተራ ጌጥ ነው፣ ፈታሽ የሚይዘው ነገር የለም። እስከ 1952 ድረስ ሳይታወቅ አምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

አሁን ወደ ኢኒግማው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መልእክት ይመሰጥሩበት የነበረውን ይህን መሣሪያ ስታገኝ ቸኩለህ አትለፈው። ከላይ 3 ጥርስ ያላቸው ጎማዎች አሉ፤ እያንዳንዱ 26 ፊደል ስለያዘ የመነሻቸው አቀማመጥ ብቻ 17,576 ዓይነት ነው። ጎማዎቹ ከ5 ተመርጠው በተለያየ ተራ ሲገቡ ደግሞ 60 አማራጭ ይጨምራሉ። ከፊት ያለውን የሽቦ መሰኪያም ለልጆቹ አሳያቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሽቦ እየተሰካ 20 ፊደል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይለዋወጥ ነበር። ኤሌክትሪኩ በጎማዎቹ አልፎ መጨረሻው ላይ ካለው መላሽ ሰሌዳ ነጥሮ በሌላ መንገድ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ፊደል ሲጫኑት ራሱን ሆኖ አይወጣም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው!

ወረቀት ላይ ሞክሩት። ጀርመኖቹ የአየር ጠባይ ዘገባ በየቀኑ ስለሚልኩ «ቬተር» የሚለው ቃላቸው መልእክቱ ውስጥ እንዳለ ይገመታል። ቃሉን በተመሰጠረው ጽሑፍ ሥር አንድ አንድ ፊደል እያንሸራተትክ አስቀምጥ። የላይኛውና የታችኛው ፊደል አንድ ቦታ ላይ ከተመሳሰሉ ያ አቀማመጥ ውድቅ ነው፤ የተረፉትን ብቻ ትፈትሻለህ። የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት በ1932 ጀምረው መንገዱን ጠርገዋል። የኢኒግማ ምስጢር መፈታት ሲነሣ እንግሊዞቹ ሲወሱ እነሱ ሲዘለሉ ስለሚያንገበግበኝ ስማቸውን ለልጆቹ አንሣላቸው፤ ዋናው ማሪያን ሬየቭስኪ ነበር።

ከዚያ የአንድ ጊዜ ቁልፉን፣ ማለትም ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚይዙትን የቁጥር ዝርዝር፣ አስረዳቸው። መልእክቱ ወደ ቁጥር ተለውጦ 4 9 1 ሆነ እንበል፤ ቁልፉ 8 3 6 ነው። ሳትሸከም ደምር፣ 12 ሲመጣ 2ን ብቻ ጻፍ፤ 2 2 7 ይወጣል። ቁልፉ በእርግጥ በዘፈቀደ ከወጣ፣ እንደ መልእክቱ ከረዘመና አንዴ ብቻ ካገለገለ ማንም አይፈታውም። ሁለቴ ከሠራ ግን ጠላት ሁለቱን ምስጢራት ሲቀናንስ ቁልፉ ራሱ ይጠፋል፤ በእጁ የሚቀረው የሁለቱ መልእክት ልዩነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ግምት ይሠራል። ሶቪየቶች በጦርነቱ ጥድፊያ የቁልፍ ገጾችን ደግመው አተሙ። አሜሪካኖቹም ቬኖና ባሉት ሥራ ከ1943 እስከ 1980 ያንኑ ስሕተት ሲመነዝሩ ኖሩ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ የእኛ ታሪክ ስለሆነ። አስመራ የነበረውን የጣሊያን ባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ አሜሪካኖች በ1943 ያዙት፤ በኋላም ኮሪያ በዘመተው ሻለቃችን ስም ቃኘው ተባለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ደጋ ሩቅ ሞገድ ለመስማት የተመቸ ስለነበር እስከ 1977 ድረስ ጆሯቸውን እዚያ ተክለው ኖሩ። ስሙ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የመጣ ነው። «ቃኘ» ደግሞ በቋንቋችን የጠላትን ሰፈር መሰለልም ነው፣ የክራርን ጅማት ማስማማትም ነው። ልጆቹ አማርኛውን እንዳይረሱ ይህችን ንገራቸው።

ስትመለስ ጻፍልኝ። በተለይ የኢኒግማው ክዳን ተከፍቶ ጎማዎቹ ይታዩ እንደሆነ፣ ስንት ሽቦ ተሰክቶበት እንዳገኘኸው ቆጥረህ ንገረኝ።

ሁልጊዜም የምትናፍቀኝ ወንድምህ