ፎቶዋን ቀይሩላት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ ቡናዬን ይዤ ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣችሁን ስገልጥ ያቺ «እህቴ ተጠንቀቂ» እያለች ሴት ልጆች አገባሻለሁ በሚል ወንድ እንዳይታለሉ የምትመክር ጽሑፋችሁ ደግማ ወጥታለች። ክፉ ምክር አይደለችም። ግን እኮ 400 ዓመት አልፏታል!

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ብሮድሳይድ ባላድ የሚሉት ነገር ነበር። በወረቀት አንድ ጎን ብቻ የታተመ ግጥም ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት፤ ሻጩ እንዲያ ባለ ግርግር መሃል ቆሞ እየዘፈነ በአንድ ፔኒ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ገደማ ይቸበችበዋል። አብዛኛው ኖታ የለውም፤ «በእንትን ዜማ» ተብሎ ይጻፋል፣ ገዢው ዜማውን ያውቀዋላ። እኛስ «በአምባሰል በለው» ከተባልን ምን ቀረን? (ቅኝትና ዜማ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ አዝማሪዎች እንዳትቆጡኝ።)

ብዙዎቹ የፍቅር ናቸው። አገባሻለሁ ይላታል፣ ታምናለች፣ ታረግዛለች፣ እሱ መርከብ ተሳፍሮ ወይ ጦር ሜዳ ወርዶ እልም ይላል፣ እሷ ደግሞ ልጃገረዶችን ከእኔ ተማሩ እያለች ታለቅሳለች። ለወንዱም ማስጠንቀቂያ አልጠፋም፤ ግን የሱ በአብዛኛው ስለ ኪሱ ነው፤ ገንዘብህን እንዳትጨርስብህ! ልጅቷ አታላዩን አሞኝታ የምትሸኝባቸውም አሉ፤ እኔ የወደድኩት እነሱን ነው።

ደሞ አታሚው ለልጅቷ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱን የሚያሸጠው ታሪኩ ነው፤ ምክሩ ለወጉ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ከሁሉ ያሳቀኝ ሥዕሉ ነው። በእንጨት የተቀረጸውን ሥዕል አታሚዎቹ ደጋግመው ይጠቀሙበት ነበር፤ ዛሬ ታማኝ ሚስት የሆነች ሴትዮ ነገ የተታለለች ልጅ ሆና ትወጣለች፣ ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር። ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ያጠራቀማቸው ከ1,800 በላይ ወረቀቶች ካምብሪጅ፣ ሞድሊን ኮሌጅ ተቀምጠዋል፤ ኢንተርኔት ላይም ስላሉ ገብታችሁ እዩ።

የናንተዋስ? ያቺ ፎቶው ላይ አገጯን ደግፋ ያቀረቀረች ልጅ፣ ስለ ስደት ስትጽፉ እሷ፣ ስለ ፈተና መውደቅ እሷ፣ ስለ ፍቅር እሷ። ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ጎረምሳ አሉኝ። ሴቶቹ ምክራችሁን በቃላቸው ይዘውታል። ጎረምሳው የኳሷን ገጽ ጨርሶ ጋዜጣውን ያጥፈዋል፤ ለሱ የተጻፈ የለማ። እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት «አገባሻለሁ ብለህ እንዳትጠፋ» ብላችሁ ለሱ ጻፉለት፣ ከኳሱ ወሬ አጠገብ ይሁን። ፎቶዋንም ቀይሩላት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ