የዘገየው ደብዳቤ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ልጽፍ እነሳና አፍራለሁ፣ ሳፍር ይዘገያል፣ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ይብስብኛል። ታውቂኝ የለ።

ዛሬ ያስነሳኝ የሩሲያዊው አቀናባሪ የቻይኮቭስኪ «ሮሜዎና ዡልየት» የሚባለው ሙዚቃ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን የሼክስፒርን ቲያትር በከበደ ሚካኤል ትርጉም እየተፈራረቅን ስናነበው ትዝ ይልሻል? አንቺ ሁልጊዜ ሞግዚቷን ካልሆንኩ ትይ ነበር።

ሙዚቃው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቃል የሚባል የለውም። መጀመሪያ ስሰማው «አሁን ግብዣው ላይ ናቸው፣ አሁን ሰገነቱ ጋ ደርሰናል» እያልኩ ልከተለው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ለካ ሰውዬው ትዕይንቶቹን በተራ አልነካቸውም። ሦስት ነገር ብቻ መዘዘ፦ መነኩሴውን አባ ሎረንስን፣ የሁለቱን ቤተሰቦች ጠብና ፍቅሩን። ከዚያ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል።

ክላርኔትና ባሶን የሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ዝግ ብለው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ይጀምራሉ። ይሄ መነኩሴው ነው። ቆይቶ ጠቡ ይፈነዳል። ቫዮሊኖቹ ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ሲምባሉ፣ ያ እርስ በርስ የሚጋጨው የብረት ሳህን፣ ባልጠበቅሽው ቦታ ሲመታ ጎራዴ ከጎራዴ የተላተመ ይመስልሻል። ደግሞ ይረግባል። የፍቅሩን ዜማ እንግሊሽ ሆርን የሚባል የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያና ድምፃቸው የታፈነ ቪዮላዎች፣ ማለት ከቫዮሊን ወፈር የሚሉት፣ ያነሱታል። ሰው እንዳይሰማቸው የሚያንሾካሹኩ ነው የሚመስለው። በኋላ ዋሽንቶቹ ሲቀበሉት ሌላው ሆርን፣ የናሱ መለከት፣ ከሥር ሁለት ኖታ እየደጋገመ ይተነፍሳል። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ሥራዬን አቆማለሁ።

መሃል ላይ ጠቡ ይመለሳል። የመነኩሴውም ዜማ በሆርን ይገባል፤ ሊገላግል ነው መሰለኝ። ቆይቶ ግን ያንኑ የጸሎት ዜማ ትራምፔቶቹ ይይዙትና ይጮሁበታል። ገላጋይ እንዲህ ሲጮህ ከተደባዳቢው በምን ይለያል?

ቲያትሩ ላይ ነገሩን ያበላሸው ደብዳቤ ነው። አባ ሎረንስ «ዡልየት አልሞተችም» ብሎ ለሮሜዎ ይልካል፤ መልእክተኛው ግን በወረርሽኝ ሰበብ ቤት ተዘግቶበት ይቀራል። ሙዚቃው ውስጥ ደብዳቤው የለም፤ ቫዮሊን ይህን እንዴት ብሎ ይንገርሽ? መዘዙን ግን ትሰሚዋለሽ። የፍቅሩ ዜማ ለመጨረሻ ጊዜ ከፍ ሊል ሲል ጠቡ ይሰባብረዋል። ከዚያ ከበሮው ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ይራመዳል።

የሚገርመው፣ ሙዚቃውን ያስጻፈውም ደብዳቤ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሌላው አቀናባሪ ባላኪሬቭ እ.ኤ.አ. በ1869 እየጻፈ ቻይኮቭስኪን ይጎተጉተው ነበር። የመጀመሪያው መግቢያ አልጣመውም፤ መዝሙር የሚመስል ነገር አምጣ አለው። ሥራው በ1870 ሞስኮ ላይ ተሰማ፤ ቻይኮቭስኪ በዚያው ዓመት መግቢያውን ለወጠው። ዛሬ የምንሰማው የመነኩሴው ዜማ ያኔ የገባ ነው። መጨረሻውን ደግሞ በ1880 እንደገና ጻፈው። እኔ ግን እነዚያ መዝጊያው ላይ የሚደበድቡት ድምፆች አይጥሙኝም። ልጆቹን ቀብረን ስናበቃ በር መደብደቡ ለምንድን ነው?

ማታ ልጆቹ ሲተኙልሽ በኢርፎን ስሚው፤ መጀመሪያው በጣም ቀስ ያለ ነው። ሞግዚቷ ግን የለችበትም። እንዳትቀየሚው።

ያንቺዋ