ሳጥኑን ሞዴሉ ከሳለው ሰው ምን ይሠራል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጠይቁናላችሁ። «ምስሉ ላይ ሳጥን የሚስለው ሞዴሉ ከሆነ ለሰው የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ሳጥን የምንለው ምስሉ ላይ ያለውን ሰው ወይም ዕቃ የምንከብብበትን አራት ማዕዘን ነው፤ ሞዴል ደግሞ ምልክት በተደረገባቸው ምስሎች ሠልጥኖ ነገሮችን በራሱ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

እውነት ነው፣ የመጀመሪያውን ሳጥን የሚያወጣው ሞዴሉ ነው። ባለሙያዎቻችን ይቀበሉታል፣ ያስተካክሉታል ወይም ይሰርዙታል። ይህ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ጣጣው ያለው ሞዴሉ ሳያይ ያለፈው ነገር ላይ ነው። ከቆመ መኪና ጀርባ ጭንቅላቱ ብቻ ብቅ ያለ እግረኛ አስቡ። የተንጋደደ ሳጥን ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ያልተሳለ ሳጥን ግን ማንንም አይጠራም። እግረኛው ምልክት ሳይደረግበት ካለፈ፣ በሥልጠናው ጊዜ ያ ቦታ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ሞዴሉም እንዲህ ያለውን ሰው ማለፍን ይማራል፣ በሚቀጥለው ዙር ሳጥን የሚስልልን ደግሞ ይኸው ሞዴል ነው! ስለዚህ ሰዎቻችን መጀመሪያ ምስሉን ያለ ምንም ሳጥን ያዩታል፣ የሞዴሉን ሥራ የሚከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ያዘገያል፣ አዎ። ግን አንተወውም።

የሳጥኑ ጠርዝም ሌላ ጉዳይ ነው። «5 ፒክስል ምን ያመጣል?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ጎንና ጎኑ 200 ፒክስል የሆነ ሳጥን 5 ወደ ቀኝ፣ 5 ወደ ታች ቢንሸራተት፣ ሁለቱ ሳጥኖች የሚጋሩት ቦታ አብረው ከሸፈኑት ሲካፈል 0.91 አካባቢ ይሆናል (ፍጹም ቢገጥሙ 1 ነበር)። ምንም አይልም። ባለ 20 ፒክስሉ ግን በዚያው መንሸራተት 0.39 ላይ ይወርዳል፣ ሳጥኑ ነገሩን አግኝቷል ለማለት በተለመደው የ0.5 መለኪያ እንኳ ወድቋል ማለት ነው። ከሩቅ የተነሡ ጥቃቅን ነገሮች ላይ የምንጨቃጨቀው ለዚህ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ውሳኔ ነው። ግማሹ የተሸፈነ ነገር ሲያጋጥም የሚታየውን ብቻ እንክበብ ወይስ ሙሉ መጠኑን ገምተን? ፖስተር ላይ ያለ ሰው ሰው ነው? መስታወት ውስጥ የሚታየውስ? ለይቶ መቁጠር የሚያስቸግር ሕዝብ ሲኖርስ? በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮኮ የተባለው የምስል ስብስብ እንዲህ ያለውን በጅምላ አንድ ምልክት ይሰጠዋል፤ የእናንተ ሥራ ግን ሌላ ሊፈልግ ይችላል።

አዲስ ሥራ ስትልኩ አጠራጣሪ የሆኑትን ምስሎች ለይታችሁ ከነውሳኔያችሁ ላኩልን። መሐል ላይ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም ቶሎ ንገሩን፤ ያለፈውን ከፍተን እንደገና ማየት ስላለብን፣ ቀኑም ሒሳቡም በዚያው ልክ ይጨምራል።