ጌች፣ የማርች ነገር መጣብኝ

ይድረስ ለወንድሜ ጌች፣

ሰላም ነህ ወይ? እማማ ዘነቡስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነበር። ይቅር በለኝ። በዚያ ክፉ ጊዜ ደሴ ምን እንደነበረች ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ግን ሰበብ የለኝም። ስንገናኝ የፈለግከውን ያህል ትቆጣኛለህ። አሁን ግን አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ካንተ ሌላ የሚገባውም ሰው አጣሁ።

ዘሐራ የምትባል የማስተርስ ተማሪ አለችኝ። የሐርቡ ልጅ ናት፣ ወባን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ርዕሷንም ራሷ ናት የመረጠችው፦ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ሲይዘን ደማችን ውስጥ የትኞቹ ጂኖች ጎልተው ይሠራሉ? ለዚህ የሚሆን ማሽን እዚህ የለንም። ስለዚህ ሌላ አገር የተሠሩ ጥናቶች በነፃ የለቀቋቸውን ሰንጠረዦች አውርዳ ታስተያያለች። ጎበዝ ናት። ደረቅነቷ ደግሞ አንተኑ ነው።

ሰሞኑን ሥራዋን አብረን ስናይ ከአንዱ ሰንጠረዥ የጎደሉ ረድፎች አገኘሁ። ምነው ብላት፣ «መምህር፣ እነሱ ላይ እኮ የጂን ስም የለም፣ ቀን ነው የተጻፈው። ናሙና የተወሰደበት ቀን መስሎኝ አወጣኋቸው» አለችኝ። ክው አልኩ። አንተ ገና ስታነበው ገብቶሃል። ፋይሉ ሲመጣም እንደዚያው ነበር፤ እሷ ምን ታድርግ?

ማርች1 የተባለውን ጂን ኤክሴል፣ ያ የሰንጠረዥ ፕሮግራም፣ የፈረንጅ ቀን አድርጎት ቁጭ! ሴፕት2ም ሴፕቴምበር 2 ሆኗል። ይሄ እኮ በ2004 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበረው። በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። በ2021 እንደገና ሲታይ ወደ ሲሶ ተጠግቷል። ማርች1 በሽታ በሚከላከሉ ሴሎቻችን ውስጥ የሚሠራ ጂን ነው። የወባ ጥናት ላይ እንደ ዋዛ የሚጣል አይደለም።

የጂን ስም አጽዳቂው ኮሚቴ፣ ኤችጂኤንሲ፣ በ2020 ስሞቹን መቀየሩን ስንሰማ የተከራከርነውን ታስታውሳለህ? ማርች1 ማርችኤፍ1፣ ሴፕት1 ሴፕቲን1 ሲባሉ፣ ቧንቧ ውሃ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ «ፕሮግራሙ ይስተካከል እንጂ ጂኑ ምን አደረገ!» አልክ። በ2023 ኤክሴልም ስምን ወደ ቀን መቀየሩን ማጥፊያ ጨመረ፤ ደስ ይበልህ። እኔ ግን ዛሬም ከኮሚቴው ጋር ነኝ። ፕሮግራሙ እስኪስተካከል ስንት ሰንጠረዥ ተበላሽቶ ተሰራጨ? ዘሐራ እጅ የገባው ከነዚያ አንዱ ነው።

የባሰው ደግሞ ይኸውልህ። ማርክ1 የሚባል ሌላ ጂን አለ፤ አሁን ኤምታርክ1 ተብሏል። እሱም በኤክሴል ያው ማርች 1 ቀን ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቀኑን ብቻ አይተን የትኛው እንደነበር መለየት አንችልም። ገምቶ መሙላትን ደግሞ እምቢ ብያለሁ።

የቀን ነገር ብቻ ቢሆን እሺ። ደፊን፣ ቫይቫክስ ወደ ሴሉ የሚገባበትን ፕሮቲን፣ አስበው። ቀይ የደም ሴል ላይ ደፊ ከሌለ ቫይቫክስ አይገባም ሲባል ኖረ፤ በኋላ ማዳጋስካርም እኛም አገር ደፊ የሌላቸው ታማሚዎች ተገኙ። የዘሐራ ሥራ ልቡ እዚህ ጋ ነው። ጂኑ ግን አንዱ ጽሑፍ ላይ ኤፍዋይ ነው፣ ሌላው ላይ ዳርክ፣ የጸደቀው ስሙ ደግሞ ኤሲኬአር1። በአንዱ ብቻ የፈለገ ሌላውን አያገኘውም። ኤምኤስቲ1 ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በዚህ ስም የጸደቀ አንድ ጂን እያለ፣ ብዙ ጽሑፎች ኤስቲኬ4 የሚባለውን ሌላ ጂንም ኤምኤስቲ1 ይሉታል። ጂን ከመጥፋቱ ይልቅ ሁለቱ ተዳብለው እንደ አንድ መቆጠራቸው ያስፈራኛል፤ የጠፋው ቢያንስ ባዶ ቦታ ይተዋል። እኛ ወሎ አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቅጽል ስም ቢኖረው ጎረቤት ያውቀዋል። ጂን ጎረቤት የለውም።

ሰዎች ስም ማውጣትን የቢሮ ሥራ ያደርጉታል። በ1979 ኤድንብራ ላይ የመጀመሪያውን ሙሉ የስም ደንብ ያወጡት ሰዎች ግን ለእኛ ዓይነቱ ነው የደከሙት እላለሁ። ትልቅ ላብራቶሪ የራሱን ናሙና ደግሞ ይመረምራል። እኛ ሌላው በጻፈው ሰንጠረዥ ነው የምንሠራው። ስሙ ከተበላሸ ሥራችንም አብሮ ይበላሻል። የኮሚቴው ድረ ገጽ በነፃ ነው፤ የድሮውን ስም ስታስገባ የጸደቀውን ይሰጥሃል። ለእያንዳንዱ ጂን የሰጡት መለያ ቁጥር ደግሞ ስሙ ቢቀየርም አይቀየርም። ብራካ1 የተባለው ጂን ቁጥሩ 1100 ነው፤ ነገም 1100 ነው። ከእንግዲህ ተማሪዎቼ ሁሉ ከስሙ ጎን ቁጥሩን እንዲጽፉ ወስኛለሁ።

ጌች... እውነቱን ልንገርህ፣ ስትሄድ ቅር ብሎኝ ነበር። ይህን ሥራ አብረን የምንሠራው ይመስለኝ ነበር። ይሁን፣ ይቆየን።

የምለምንህ ይኸውልህ። የድሮ ስሞችን ወደ መለያ ቁጥር የሚቀይር፣ ቀን የሆኑትንና የሚያሻሙትን ለብቻ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍልን። አንተ በአንድ ማታ ትጨርሰዋለህ፤ እኔ ወር ይፈጅብኛል። ዘሐራንም በስልክ አናግራት፣ ረድፎቹን ካወጣች ወዲህ ፊቷ ጠቁሯል። አብሽሪ ብላት ከእኔ አልሰማ አለች። ለሰንጠረዡ ባለቤቶች ዋናውን ፋይል እንዲልኩልን ደብዳቤ አርቅቀናል፤ እንግሊዝኛውን እየው። ጽሑፏን የምታቀርበው ሰኔ ላይ ነው።

ፋይሎቹን ዛሬ ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ቁጥርህን ቀይረህ ከሆነ በእህትህ በኩል አስነግረኝ።

ወንድምህ እንድሪስ
ደሴ